የተማሪ ጋዜጣን በርእሰ ጉዳይ መጠቆም፦ «ስትራግል» ከካርቲየ 2 ሲነበብ

ስንክሳር የተደራጀው በዕለት ነው። የቅዱሱን መታሰቢያ የሚያውቅ ሰው ገጹን ወዲያው ያገኛል፤ ስለ አንድ ገዳም ወይም ስለ አንድ ንጉሥ በየቦታው የተነገረውን ለመሰብሰብ የፈለገ ግን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ማንበብ ግድ ይለዋል። በጥራዝ የታሰረ ጋዜጣም ጠባዩ ይኸው ነው። ቀኑን ይዞ ለመጣ ይከፈታል፤ ጉዳዩን ይዞ ለመጣ ተዘግቶ ይቆያል። ለሁለተኛው ሰው የሚያስፈልገው መጠቁም ነው። መጠቁም ስንል በመጽሐፍ ፊት የሚቀመጠውን የምዕራፎች ዝርዝር፣ ማለትም ማውጫን፣ ማለታችን አይደለም፤ ርእሰ ጉዳዮችን በፊደል ተራ አሰልፎ እያንዳንዱ በየትኛው እትምና ገጽ እንደተነሣ የሚያመለክተውን ዝርዝር ነው።

ይህ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጋዜጣ በርእሰ ጉዳይ መጠቆም የሚያስነሣቸውን የቋንቋ ጥያቄዎች ይመረምራል። የሚጻፈው ከጅቡቲ ከተማ፣ ከካርቲየ 2 ነው። ቦታው ለክርክሩ አስፈላጊ ነው። በዚህች ከተማ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ የመንግሥት ቋንቋዎች ናቸው፤ ሶማሊኛና አፋርኛ የቤትና የገበያ፤ አማርኛም ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ የሚሰማ ነው። የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመበት ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአካባቢውን ታሪክ እዚሁ የሚያጠና ተማሪ አለ። ይህ ተማሪ የአዲስ አበባውን ጋዜጣ ለማንበብ ቢነሣ በየትኛው ቃል ይገባል? የመጠቁም አዘጋጅ ሥራ የሚፈተነው ስድስት ኪሎን ጠንቅቆ በሚያውቀው አንባቢ አይደለም፤ ከሩቅ በሚመጣው ነው።

የጋዜጣው የዘር ሐረግ አጭር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ «ዩሲ ኮልስ»፣ ከዚያም «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» የተባሉ ጋዜጦችን አወጡ። በ1950 ዓ.ም. በታወጀው የነጻ ትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከዩጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ተማሪዎች በግቢው ሲቀላቀሉ የወሬው አድማስ ሰፋ። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. ከሌሎች ተቋማት ጋር ተጣምሮ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1959 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ሲጠናከር ልሳኑ በአማርኛ «ታገል» እየተባለ የሚጠራው «ስትራግል» ሆነ። ከእነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ የጋዜጦቹ ዋና ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። የሚከራከሩት ሰዎች በአብዛኛው በአማርኛ ወይም በሌላ የአገር ቋንቋ ያስባሉ፤ የሚታተመው ግን በትምህርት ቤት ቋንቋ ነው። ስለዚህ በአማርኛ የሚዘጋጅ መጠቁም ከመጀመሪያዋ ካርድ አንሥቶ ትርጉም ነው። ያውም የአንድን ትውልድ ቃላት ወደ ሌላ ትውልድ ቃላት መመለስ።

ለዚህ ከሁሉ የበለጠው ምሳሌ የታወቀው ጽሑፍ ነው። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪው ዋለልኝ መኮንን በኢትዮጵያ ስላለው የብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው በ«ስትራግል» ላይ የወጣው ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። የማኅበሩ ፕሬዚደንት ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱም ወታደሮች ግቢው ውስጥ ገቡ። በሁለቱ ክስተቶች መካከል ስድስት ሳምንት እንኳ የለም። ይህ መቀራረብ ለጽሑፉ ያተረፈለትን ክብደት የኋላ ታሪክ እጅግ አብዝቶታል። አሁን «ስትራግል» ሲባል ያቺ ጽሑፍ ብቻ ትታሰባለች። በርእሰ ጉዳይ የሚሠራ መጠቁም ግን ለዝና ግድ የለውም፤ ለአንዱ ጽሑፍ አንድ መስመር፣ ለሌላውም አንድ መስመር ይሰጣል። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ግዴታ፣ የማኅበር ምርጫ፣ ሮዴዥያ፣ ቬትናም፣ የመሬት ሥሪት፣ የተማሪው ኑሮ፤ ሁሉም በየፊደላቸው ይሰለፋሉ። በእኔ ግምት የመጠቁም ትልቁ ታሪካዊ ጥቅም ይህ ግድየለሽነቱ ነው።

ይሁን እንጂ የርእሱ ቃል ሲመረጥ ግድየለሽነቱ ያበቃል። ዋለልኝ በእንግሊዝኛ የተጠቀመባቸው «ኔሽን» እና «ናሽናሊቲ» የሚሉት ቃላት በዛሬው አማርኛ «ብሔር» እና «ብሔረሰብ» ተብለው ይመለሳሉ። አንባቢም አዘጋጅም አይጠራጠርም። ነገር ግን «ብሔር» በግእዝ አገር፣ ምድር ማለት ነው፤ «እግዚአብሔር» በሚለው ስም ውስጥ ያለው ይኸው ነው። በዘመናዊው የመንግሥት አማርኛ ደግሞ «ብሔራዊ» አገር አቀፍ ማለት ሆነ፤ ብሔራዊ ባንክና ብሔራዊ ቴአትር የሚለውን ያስታውሷል። አንድ ቃል በአንድ ወገን መላ አገሪቱን፣ በሌላ ወገን በአገሪቱ ውስጥ ያለን አንድ ሕዝብ እንዲያመለክት ያደረገው የግራ ክንፉ ጽሑፍ ነው። «ብሔረሰብ»ም ከዚያው ክርክር ጋር አብሮ ተስፋፋ፤ በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን «አብዮታዊ መድረክ» ዓምድ በየዕለቱ የሚነበብ ቃል ሆነ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» በሚል ሦስትነት ጸና። እንግዲህ የ1962ን ጽሑፍ «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» በሚል ርእስ ሥር ያስቀመጠ አዘጋጅ ሃያ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ሕገ መንግሥት አጽድቋል ማለት ነው። አንባቢው ቃሉን በመጠቁሙ ካየ በኋላ ተማሪዎቹም እንዲሁ ይሉ ነበር ብሎ ያምናል፤ የቃሉን ታሪክ የሚያጠና የቋንቋ ሰውም የተሳሳተ ማስረጃ ይዞ ይሄዳል።

መፍትሔው ቃሉን መሸሽ አይደለም። የዘመኑ አንባቢ የሚፈልገው በዘመኑ ቃል ነውና «ብሔረሰብ» በር ሆኖ ይቀመጥ፤ ከበሩ በስተጀርባ ግን የጽሑፉ የራሱ ቃል በፊደላችን ተጽፎ፣ ከነቀኑ ይገኝ። «ብሔረሰብ፦ ‹ናሽናሊቲ›ን፣ ‹ኔሽን›ን፣ ‹ትራይብ›ን ተመልከት» የሚል መስመር ሦስቱን ሳይቀላቅል ያገናኛል። «ትራይብ»ን ደግሞ «ጎሣ» ወይም «ነገድ» ብሎ በችኮላ መተርጎም ሌላ ጥፋት ነው። ጎሣ በሶማሌና በኦሮሞ ዘንድ የታወቀ የዘመድ አደረጃጀት ነው፤ ነገድ የመጽሐፍ ቅዱስ ሽታ አለው። ሁለቱም የእንግሊዝኛውን ቃል ንቀት አይሸከሙም።

የሕዝብ ስሞችም እንዲሁ ናቸው። ዋለልኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስምንት ሕዝቦችን ዘርዝሯል፦ ኦሮሞ፣ ትግራይ፣ አማራ፣ ጉራጌ፣ ሲዳማ፣ ዛሬ ወላይታና ሐረሪ የምንላቸውን በዘመኑ ስማቸው «ወላሞ» እና «አደሬ» ብሎ፣ በመጨረሻም አንባቢው ባይወደውም መቀበል እንዳለበት በሚያሳስብ ቃና ሶማሌን። እንደ ዘመኑ ጸሐፊዎች ሁሉ አልተጠነቀቀም ማለት አይቻልም፤ ኦሮሞን በራሱ ስም መጥራቱ በዚያን ጊዜ ቀላል ምርጫ አልነበረም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እንኳ በርእሰ ጉዳይ ዝርዝሩ ለረጅም ጊዜ ዛሬ ስድብ የሆነውን ስም ይዞ ቆይቶ ነው «ኦሮሞ» ወደሚለው የተሻገረው። ስለዚህ «ወላሞ» እና «አደሬ» ከመጠቁሙ አይሰረዙ፤ «ወላይታ» እና «ሐረሪ» ግን ዋና ርእስ ይሁኑ፣ አሮጌዎቹም ወደ እነርሱ ይጠቁሙ።

አሁን ከካርቲየ 2 ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንመልከት። ሶማሌው አንባቢ በ«ሶ» ተራ ገብቶ ስሙን ያገኛል። አፋሩ አንባቢ በ«አ» ተራ ይገባል፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ግን አፋር የለም። መጠቁም ያለውን እንጂ የሌለውን አይጠቁምም፤ ይህ የሙያው መሠረታዊ ደንብ ነው። ደንቡ ትክክል ነው። ውጤቱ ግን የጽሑፉ ዝምታ የመጠቁሙ ዝምታ ሆኖ መቀጠሉ ነው። ለዚህ ያለኝ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ አንድ ጽሑፍ ሕዝቦችን በስም ሲዘረዝር በርእሱ ሥር «የሕዝቦች ዝርዝር» የሚል ንኡስ መስመር ይከፈትና ስሞቹ በሙሉ በጽሑፉ ቅደም ተከተል ይገልበጡ። ያን ጊዜ የጎደለው ለሚያይ ይታያል፤ አዘጋጁም ያልተጻፈውን አልጨመረም።

የቦታ ስም ከሕዝብ ስም ይብሳል። ነሐሴ 19 ቀን 1958 ዓ.ም. ጄኔራል ደጎል ወደዚህች ከተማ ሲመጡ ነጻነት ጠያቂዎች በሰልፍ ጠበቋቸው፤ አገሩ ያኔ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ይባል ነበር። መጋቢት 10 ቀን 1959 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 60 ከመቶ ገደማ የሚሆነው ድምፅ ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን መረጠ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ስሙ የአፋርና የኢሳ የፈረንሳይ ግዛት ሆነ። ከተማዋ በሽቦ አጥር ታጠረች፤ ባልባላ ከአጥሩ ውጭ በቀለ። ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ደግሞ የጅቡቲ ሪፐብሊክ ተወለደች። በአሥራ አንድ ዓመት ሦስት ስም። በ1959 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ስለዚህ አገር ለመጻፍ የተነሣ ተማሪ መስከረም ላይ አንዱን፣ ክረምት ላይ ሌላውን ስም መጠቀም ነበረበት። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ደንብ የቦታ ስም ሲለወጥ ለርእሰ ጉዳይ የመጨረሻውን ስም ብቻ መጠቀም ነው። ደንቡ ለመጽሐፍ ፈላጊ ይመቻል። ለታሪክ ግን ያልነበረ መንግሥት ይፈጥራል፤ «አፋር» እና «ኢሳ» የሚሉት ስሞች በመንግሥት ስም ላይ ለአሥር ዓመት መውጣታቸውን፣ ይህም በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ያሳደረውን ነገር፣ ይደመስሳል። ለጋዜጣ መጠቁም ሦስቱም ስሞች ከነዘመናቸው ርእስ ሊሆኑና እርስ በርስ ሊጠቋቆሙ ይገባል። የአጻጻፉም ጉዳይ አለ። ሶማሊኛ «ጃቡቲ»፣ አፋርኛ «ጋቡቲ» ይላል፤ አማርኛው «ጅቡቲ» እና «ጂቡቲ» መካከል ይወዛወዛል።

አንባቢው በጥሞና ከተከታተለ አንድ ወጥመድ አይቷል። 1969 ዓ.ም. የጅቡቲ ነጻነት ዓመት ነው፤ በአውሮጳውያን አቆጣጠር 1969 ደግሞ የዋለልኝ ጽሑፍ የወጣበት። ጋዜጣው የሚቀን በአውሮጳውያን፣ መጠቁሙ የሚነበብ በእኛ ከሆነ፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ያልተጻፈባት አንዲት ካርድ ሁለቱን ክስተት በአንድ ዓመት ታስቀምጣለች።

ስለ ፊደል ተራ ብዙ አልልም፤ አንባቢዎቼ ያውቁታል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንዲሁም ሰ፣ ሠ፣ አ፣ ዐ፣ ጸ፣ ፀ በየቦታቸው ከተተዉ «ሕዝብ»ና «ህዝብ» በሁለት ክፍል ያድራሉ፤ «ኅብረት» ደግሞ በሦስት። ለመጠቁም ዓላማ ድምፃቸው አንድ የሆነውን በአንድ ተራ ማሰለፍ፣ አጻጻፉን ግን በጽሑፉ እንዳለ መተው ይሻላል። ሰዎች በራሳቸው ስም ይሰለፉ፤ ዋለልኝ በ«ወ» እንጂ በአባቱ ስም በ«መ» አይፈለግም። የብዕር ስም ሳይፈታ ይቀመጥ፤ በ1962 እና 1963 የብሔረሰቦችን ጥያቄ ያራገበው «ጥላሁን ታከለ» ለመጠቁሙ ጥላሁን ታከለ ነው። ቁጥር ያለው የሰፈር ስምም ቢሆን ተራ ይፈልጋል፤ በዚህች ከተማ ከካርቲየ 7 ቀጥሎ «7 ቢስ» አለ፣ እርሱን የሚያስቀምጥ ፊደል ግን እስካሁን አላየሁም።

ከርእስ አሰያየም ሁሉ የሚያከራክረው መፈክር ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች ወደ ፓርላማ ሲወጡ «መሬት ለአራሹ» አሉ፤ በአማርኛ። ጋዜጣው ይህን በእንግሊዝኛ ይዞታል። «የመሬት ሥሪት» የሚለው የሕግ ቃል ከዚያ በፊትም በኋላም ያለውን ያቅፋል፤ «መሬት ለአራሹ» ግን የልደት ቀን ስላለው ለብቻው ርእስ ይገባዋል። በተቃራኒው በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በራስ መኮንን አዳራሽ የተዘጋጀውንና በተማሪዎች የተተቸውን የፋሽን ትርኢት አንድ ርእስ አይችለውም። ከ«አልባሳት» ሥር ቢገባ ቀልድ ይሆናል፤ ከ«ኢምፔሪያሊዝም» ሥር ብቻ ቢገባ የተቃዋሚዎቹን ፍርድ መቀበል ነው፤ ከ«ሴቶች» ሥር ካልገባም ትርኢቱን ያሳዩት ሴቶች ይጠፋሉ። በሦስቱም ይግባ።

አንድ ጉድለት ግን በካርድ አይሞላም። በኮሌጅ ቀን በዓል የሚነበቡት ግጥሞች፣ የታምሩ ፈይሳን የ1953ቱን «ደሃው ይናገራል» ጨምሮ፣ በአማርኛ ነበሩ፤ ብዙ ሕዝብም ሰምቷቸዋል። ድህነትን በ«ስትራግል» መጠቁም የሚፈልግ ሰው የእንግሊዝኛውን ክርክር ያገኛል፤ በአዳራሹ የተሰማውን ድምፅ አያገኝም። ስለዚህ በ«ድህነት» ርእስ ሥር ከጋዜጣው ገጾች በታች «የኮሌጅ ቀን ግጥሞችን ተመልከት» የሚል መስመር ይጨመር፤ ግጥሞቹ በሌላ መደርደሪያ፣ በሌላ ቋንቋ የሚገኙ ናቸውና ቋንቋቸውም አብሮ ይመዝገብ።