ተዘዋዋሪ ችሎት

ተዘዋዋሪ ችሎት ዳኞች ከመደበኛ መቀመጫቸው ወጥተው በሌላ ከተማ ወይም ወረዳ በተወሰነ ጊዜ እየተሰየሙ ጉዳዮችን የሚሰሙበት የፍርድ ቤት አሠራር ነው። ባለጉዳዩ ዳኛውን ፍለጋ ከመጓዝ ይልቅ ዳኛው ወደ ባለጉዳዩ ይሄዳል። በኢትዮጵያ እንደ ደቡብ ኦሞ ላሉ ሰፊና አርብቶ አደር ለሚበዛባቸው አካባቢዎች አሠራሩ ልዩ ጠቀሜታ አለው።

አመጣጥ

በእንግሊዝ የንጉሡ ዳኞች በየአውራጃው እየዞሩ የመፍረድ ልማድ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ዘመን ተደራጀ። ከአካባቢው ሰው የተውጣጣው ሸንጎ ማለትም ጁሪም ከዚሁ ጋር አደገ። ብሪታንያ ሁለቱንም ወደ ቅኝ ግዛቶቿ ብትወስድም ለሁሉም እኩል አላዳረሰችም። ከደቡብ ኦሞ ጋር በምትዋሰነው ኬንያ በቅኝ ግዛት ዘመን በጁሪ የመዳኘት መብት የአውሮፓውያን ብቻ ነበር። አፍሪካዊ ተከሳሽ በከባድ ወንጀል ሲከሰስ ከዳኛው ጋር አማካሪዎች ይቀመጡ ነበር፤ ሆኖም ዳኛው በእነርሱ አስተያየት አይገደድም። ኬንያ የአማካሪዎቹን አሠራር ያስቀረችው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ነገሥታት ከነሰፈራቸው ይዘዋወሩ ስለነበር ዙፋን ችሎትም አብሯቸው ይዞር ነበር። በጥንቱ የችሎት ሥርዓት የፍርድ አስተያየት የሚሰጠው ከዝቅተኛው ማዕረግ ተጀምሮ ሲሆን የበላዩ የሚናገረው በመጨረሻ ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 2 ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አደራጀ። በዚያው ዓመት ከብሪታንያ ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት ብሪታንያውያን ዳኞች በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተሾሙ። በ1954 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ያረቀቁትም በብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች በዳኝነት ያገለገሉት ሰር ቻርልስ ማቲው ናቸው። ያም ሆኖ ጁሪ ወደ ኢትዮጵያ አልገባም፤ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚወስኑት ዳኞች ናቸው።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የክልል ጠቅላይና ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን በውክልና ይሠራሉ። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 322 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአምስት ክልሎች እንዲቋቋም ተወሰነ። ከእነዚህ አንዱ ደቡብ ኦሞ ይገኝበት የነበረው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ነው። ዞኑ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ነው።

በደቡብ ኦሞ

ለረጅም ዓመታት የዞኑ ዋና ከተማ የነበረችው ጂንካ በአሪ ደጋማ አካባቢ ትገኛለች። የዳሰነችና የኛንጋቶም ሕዝቦች ግን በኬንያ ድንበር አቅራቢያ በታችኛው ኦሞ ቆላ ይኖራሉ። ምስክሮች ከብት እየነዱ እንደ ወቅቱ ስለሚንቀሳቀሱ፣ ዝናብ ሲጥልም የገጠር መንገድ ስለሚቋረጥ የቀጠሮ ቀን አመራረጥ የፍትሕ ጉዳይ ይሆናል። ሐመር፣ ሙርሲ፣ ቦዲ፣ አሪና ሌሎችም የየራሳቸው ቋንቋ ስላላቸው አስተርጓሚ የግድ ያስፈልጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ካላወቀ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት ያዛል።

የአገር ሽማግሌዎች ዳኝነትም በአካባቢው ጠንካራ ነው። አንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከተስማሙ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በባህል ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል፤ የግድያ ወንጀል ግን በዚህ አይሸፈንም። በዚህም የተነሳ ገዳይ እስራቱን ጨርሶ ቢወጣ እንኳ በሽማግሌዎች ዕርቅ ካልተፈጸመ ቂሙ ላያበቃ ይችላል።

ጥቅምና ጉድለት

ተዘዋዋሪ ችሎት የባለጉዳዮችንና የምስክሮችን የጉዞ ወጪ ይቀንሳል፤ ፍርዱም ጉዳዩ በደረሰበት ሕዝብ ፊት ይሰጣል። በአንጻሩ አንድ ምስክር ከቀረ ጉዳዩ እስከ ቀጣዩ ዙር ሊተላለፍ፣ ተከሳሹም በእስር ሊቆይ ይችላል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ቢደነግግም ለጉዞ በአግባቡ የሚያስፈልገውን ጊዜ አይቆጥርም። ስለዚህ ችሎቱ በራቀ ቁጥር ሰው ዳኛ ሳያይ የሚታሰርበት ጊዜ ይረዝማል።