ዶካ፣ ሰሊጥና የተማሪው ወንበር

መተማ ሲነሣ ተማሪዎቻችን ቶሎ የሚያስታውሱት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበትን ጦርነት ነው። ድንበሩን ተሻግሮ፣ ከገላባት ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለችው ስለ ዶካ ግን አንጠይቃቸውም። ከክፍላችን የጠፋው ልጅ ታሪክ ያለው ግን በዚያ በኩል ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ አስተዳደር ለሠራዊቱ ቀለብ ሲል በገዳሪፍ ሜዳ ማሽላን በትራክተር ማሳረስ ጀመረ። በኋላም ሰሊጥ ተስፋፋ። መሬቱን ትራክተር ቢያርሰውም የሰሊጡ አጨዳ የእጅ ሥራ ሆኖ ቀረ። ሰሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፤ ከደረሰ በኋላ ቢዘገዩበት ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋል። ስለዚህ ከጎንደር በኩል ብዙ ወጣት ለአጨዳ ሲሻገር ኖሯል። ወሩ ከመስከረም ማለቂያ እስከ ኅዳር ነው፤ የእኛም ትምህርት ቤት የሚከፈተው በዚያው በመስከረም!

ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ልጆቻቸውን ከትምህርት ገበታ ለማያስቀሩ ድኻ ቤተሰቦች ገንዘብ መስጠት ጀመረች፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቿም ቁጥር ጨመረ። እኛ መምህራን እንዲህ ያለ ካዝና የለንም። በኅዳር ተመልሶ በር ላይ የቆመውን ልጅ «ምዝገባ አልፏል» ማለቱን ግን መተው እንችላለን። የቀረበትን ምዕራፍ ከሰዓት በኋላ እያስጠናን ብናስገባው፣ በሰሊጥ ገንዘብ የገዛው ደብተር ሥራ ላይ ይውላል።