«ማይክሮ»፦ የአንድ ቅድመ ቅጥያ ታሪክና በሙያችን ያለው ትርጉም

በጤና ሙያ ውስጥ በየዕለቱ ከምንናገራቸውና ከምንጽፋቸው ቃላት መካከል «ማይክሮ» በሚል ቅድመ ቅጥያ የሚጀምሩት እጅግ ብዙ ናቸው። ማይክሮስኮፕ፣ ማይክሮብ፣ ማይክሮፊላሪያ፣ ማይክሮሴፋሊ፣ ማይክሮሊትር፣ ማይክሮግራም ጥቂቶቹ ናቸው። ሁሉም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ቢሆኑም የሚያመለክቱት ነገር ግን አንድ አይደለም። በአንዳንዶቹ ቅጥያው «ትንሽ» ከማለት አያልፍም፤ በሌሎቹ ደግሞ ቁርጥ ያለ የቁጥር ዋጋ አለው። ይህ ልዩነት ለቋንቋ ሊቃውንት የሚተው ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ላይ ሲደርስ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ይሆናል። ስለሆነም የቃሉን ታሪክ ከመነሻው መከታተል ጠቃሚ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመሣሪያው ስም

የቅጥያው ሥር «ሚክሮስ» የተባለው የግሪክ ቅጽል ሲሆን ትርጉሙም «ትንሽ» ማለት ነው። ወደ ሳይንስ ቋንቋ በሰፊው የገባው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአንድ መሣሪያ ስም አማካይነት ነው። ጋሊሊዮ ጥቃቅን ነገሮችን አጉልቶ የሚያሳየውን መሣሪያ በጣሊያንኛ «ኦኪዮሊኖ» ይለው ነበር፤ «ትንሿ ዓይን» እንደ ማለት ነው። በ1625 ግን የሮማው የሊንቼይ አካዳሚ አባል የነበረው ሐኪም ጆቫኒ ፋበር «ቴሌስኮፕ» የሚለውን ቃል አርአያ አድርጎ ለመሣሪያው «ማይክሮስኮፕ» የሚል ስም አወጣለት። «ስኮፔይን» በግሪክኛ «መመልከት» ማለት ስለሆነ ቃሉ «ትንሹን መመልከቻ» የሚል ፍቺ ይሰጣል። እዚህ ላይ ትንሽ የተባለው መሣሪያው ሳይሆን የሚታየው ነገር መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1665 እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ «ማይክሮግራፊያ» የተሰኘውን ዝነኛ መጽሐፉን አሳተመ። «ሴል» የሚለውን ቃል በቡሽ ውስጥ ላያቸው ጥቃቅን ክፍሎች የሰጠው በዚሁ መጽሐፍ ነው። በ1676 ደግሞ የዴልፍት ከተማ የጨርቅ ነጋዴ የነበረው አንቶኒ ቫን ሌወንሁክ በራሱ እጅ በሠራው መነጽር በውኃ ውስጥ ያያቸውን ፍጥረታት ገልጾ ለለንደኑ ንጉሣዊ ማኅበር ጻፈ። እርሱ ግን «ማይክሮብ» አላላቸውም፤ የጠራቸው «ትንንሽ እንስሳት» ብሎ ነው።

የፍጡሩ ስም

ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል እነዚህ ፍጥረታት አንድ የጋራ ስም አልነበራቸውም። አንዱ ባክቴሪያ፣ ሌላው ቪብሪዮ፣ ሦስተኛው ሞናድ ወይም ጀርም ይላቸው ነበር። ችግሩን የተገነዘበው ፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሻርል ሴዲዮ ነው። የፓስተር ግኝቶች ለቀዶ ሕክምና ያስገኙትን ጥቅም በሚመለከት በ1878 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሁሉንም የሚጠቀልል «ማይክሮብ» የሚል ቃል አቀረበ። ከ«ሚክሮስ» እና ሕይወት ማለት ከሆነው «ቢዮስ» የተሠራ ቃል ነው።

ሴዲዮ አስቀድሞ የታወቀውን የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ኤሚል ሊትሬን አማክሮ ነበር። ሊትሬ ራሱ ሕክምና የተማረ ሰው ስለነበረ ለጉዳዩ እንግዳ አልነበረም። በጥንቱ ግሪክኛ ይህ ጥምር ቃል «ትንሽ ሕይወት ያለው ፍጡር» ሳይሆን «ዕድሜው አጭር የሆነ» የሚል ትርጉም እንዳለው ያውቅ ነበር። ቢሆንም አጭርና ለአነጋገር የሚመች ስለሆነ ቃሉን ደገፈው። ፓስተርም ተቀበለው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ዓለም አቀፍ ቃል ሆነ። የአንትራክስ ስፖር በአፈር ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት መቆየት እንደሚችል ለሚያውቅ ባለሙያ ስሙና ግብሩ አለመገጣጠማቸው ግልጽ ነው። ይህ የሚያስረዳን አንድ ቃል በሳይንስ ውስጥ የሚኖረው ትርጉም የሚወሰነው በሥሩ ብቻ ሳይሆን ባለሙያዎች በተስማሙበት አጠቃቀም ጭምር መሆኑን ነው።

ስም የነበረው ቁጥር ሲሆን

ቅጥያው ቁጥር የሆነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፈረንሳውያን በ1795 የሜትር ሥርዓትን በሕግ ሲደነግጉ መከፋፈያዎቹን ከላቲን፣ ማባዣዎቹን ከግሪክ ወስደው ነበር። ስለዚህ «ሚሊ» ሺህ ከሚለው የላቲን ቃል መጥቶ አንድ ሺኛ፣ «ኪሎ» ደግሞ ሺህ ከሚለው የግሪክ ቃል መጥቶ ሺህ እጥፍ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ከ«ሚሊ» ያነሰ መከፋፈያ አልተደነገገም ነበር። በ1870ዎቹ ዓመታት የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ለፊዚክስ ልኬቶች «ሜጋ» ለሚሊዮን፣ «ማይክሮ» ደግሞ ለአንድ ሚሊዮንኛ እንዲያገለግሉ አደረገ። ቀድሞ «ትንሽ» ብቻ ይል የነበረው ቃል ከዚህ በኋላ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በትክክል የሚናገር ሆነ።

በ1879 ዓለም አቀፉ የመለኪያዎች ኮሚቴ የሜትርን አንድ ሚሊዮንኛ «ማይክሮን» ብሎ ሰየመ፤ ምልክቱም «ሚዩ» የተባለው የግሪክ ፊደል ሆነ። በ1960 ዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ሲታወጅ «ማይክሮ» በይፋ ጸደቀ። ከ1967 ወዲህም «ማይክሮን» የሚለው ስም በይፋ ተሽሮ በ«ማይክሮሜትር» ተተክቷል። የቀይ የደም ሴል ወርድ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ነው ስንል የምንናገረው በዚህ ቋንቋ ነው።

አንድ ቅጥያ፣ ልዩ ልዩ ፍቺ

እንግዲህ ዛሬ «ማይክሮ» የሚለውን ስናነብ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ይኖርብናል። በማይክሮሴፋሊና በማይክሮሳይት ውስጥ ከተለመደው መጠን ያነሰ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው የራስ ቅል፣ ሁለተኛው የቀይ የደም ሴል። በማይክሮአንጂዮፓቲ ውስጥ ትንሽ የተባለው በሽታው ሳይሆን የሚታመመው የደም ሥር ነው። በማይክሮሊትር ውስጥ ደግሞ ፍጹም ቁጥር ነው። አንድ ማይክሮሊትር ከአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ጋር እኩል ስለሆነ በቀድሞው አጻጻፍ የተመዘገበ የሲዲ ፎር ቆጠራና በአሁኑ አጻጻፍ የተመዘገበው አንድ ናቸው። የወባ ጥገኛ ብዛትም የሚነገረው በዚሁ መለኪያ ነው። «በማይክሮሊትር» የተባለውን «በሚሊሊትር» ብሎ መገልበጥ ግን ውጤቱን በሺህ እጥፍ ያዛባዋል።

ከሁሉ ይልቅ አሳሳቹ «ማይክሮአልቡሚኑሪያ» የሚለው ስም ነው። አልቡሚኑ ትንሽ አይደለም፤ መለኪያውም ማይክሮግራም አይደለም። በ24 ሰዓት ሽንት ውስጥ ከ30 እስከ 300 ሚሊግራም አልቡሚን መገኘቱን የሚያመለክት ነው። ስሙን የሰማ ሰው ጉዳዩ ቀላል ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ የስኳር ሕመምተኛው ኩላሊት ግን መጎዳት ጀምሯል ማለት ሊሆን ይችላል። የኩላሊት ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ኬዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2012 ላቦራቶሪዎች ይህን ቃል መጠቀም እንዲያቆሙ ያሳሰበው ስለዚህ ነው።

በማዘዣ ወረቀት ላይ

በመድኃኒት መጠን ረገድ አደጋው የባሰ ነው። «ማይክሮ» እና «ሚሊ» በስም ይቀራረባሉ፤ በመካከላቸው ግን የሺህ እጥፍ ልዩነት አለ። «ሚዩ» የተባለው ፊደል በጥድፊያ በእጅ ሲጻፍ «ኤም» ከሚባለው የላቲን ፊደል ጋር በቀላሉ ይመሳሰላል፤ ያን ጊዜ ማይክሮግራሙ ሚሊግራም ሆኖ ይነበባል። የመድኃኒት አጠቃቀም ደኅንነትን የሚከታተለው የአሜሪካው ተቋም ይህን ምልክት ስሕተት ከሚያስከትሉ አጻጻፎች መዝገብ ውስጥ ያስገባው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ እንክብል ሲሆን ስሕተቱ ብዙ ጊዜ ራሱን ያጋልጣል። 100 ማይክሮግራም ሌቮታይሮክሲን 100 ሚሊግራም ተብሎ ቢነበብ 1000 እንክብል ስለሚያስፈልግ ፋርማሲስቱ መጠየቁ አይቀርም። በመርፌ በሚሰጥ ጊዜ ግን አንዲት ትንሽ አምፑል ለአዋቂ የሚበቃውን ስለምትይዝ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ የለም። ለምሳሌ 1 ሚሊሊትር የሆነው የአድሬናሊን አምፑል 1 ሚሊግራም፣ ማለትም 1000 ማይክሮግራም ይይዛል። 3 ኪሎግራም ለሚመዝን አራስ በኪሎ 10 ማይክሮግራም በደም ሥር ቢታዘዝ የሚያስፈልገው 30 ማይክሮግራም ነው፤ ይህም የአምፑሉ 3 በመቶ ብቻ ነው። አምፑሉ ወደ 10 ሚሊሊትር ከተበረዘ በኋላ 0.3 ሚሊሊትር ይሰጣል ማለት ነው። ሳይበረዝ ያው 0.3 ሚሊሊትር ቢሰጥ አሥር እጥፍ፣ አምፑሉ በሙሉ ቢሰጥ ከሠላሳ እጥፍ በላይ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ስሕተቱን የሚያስቆም የእንክብል ቁልል የለም፤ ያለው የባለሙያው ንቃት ብቻ ነው።

በአማርኛስ?

ቋንቋችን ለትንሽነት የሚሆን ቃል አላነሰውም። ማይክሮብን «ረቂቅ ተሕዋስያን» ወይም «ደቂቅ ዘአካላት» እንላለን። «ደቂቅ» የሚለው ቃል «ደቀቀ» ከሚለው ግስ ጋር ዝምድና አለው፤ «ደቂቃ»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው። የሚያስገርመው የእንግሊዝኛው የደቂቃ ስምም «የደቀቀ፣ ትንሽ» ከሚል የላቲን ቃል መምጣቱ ነው። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ደግሞ «ጥቃቅንና አነስተኛ» ሲባል «ጥቃቅን» የቆመው ለ«ማይክሮ» ነው። እነዚህ ቃላት ለሕመምተኛው ስለ በሽታው ምንነት ለማስረዳት እጅግ ይጠቅማሉ። ቁጥርን ግን አይተኩም፤ «ረቂቅ» ስንት እንደሆነ አይናገርምና።

ቅጥያው ዛሬም አዳዲስ ቃላት ማፍራቱን አላቆመም። በ1993 በአንዲት ትንሽ ትል ላይ የተገኘው፣ በኋላም «ማይክሮ አር ኤን ኤ» የተባለው የዘረ መል ተቆጣጣሪ ሞለኪውል ቪክተር አምብሮስንና ጋሪ ሩቭከንን በ2024 የሕክምና ኖቤል ተሸላሚዎች አድርጓቸዋል። እዚህም «ማይክሮ» ማለት «አጭር» እንጂ «አንድ ሚሊዮንኛ» አይደለም።

ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቻችን ሦስት ነገሮችን ልማድ ቢያደርጉ መልካም ነው። አንደኛ፣ በማዘዣም ሆነ በካርድ ላይ «ማይክሮግራም» የሚለውን ያለ ምልክትና ያለ ምሕጻረ ቃል በሙሉ መጻፍ። ሁለተኛ፣ በቃል የተሰጠን ትእዛዝ ከነመለኪያው ደግሞ በመናገር ማረጋገጥ። ሦስተኛ፣ ማይክሮግራምን ወደ ሚሊግራም ወይም ወደ ሚሊሊትር ስንመልስ ሌላ ባልደረባ ስሌቱን ለብቻው እንዲሠራው ማድረግ። ሁለቱ ውጤቶች ካልተስማሙ መድኃኒቱ አይሰጥም፤ ስሌቱ እንደገና ይሠራል።