በስማችን የምትጠራው የሃርለም ቤተ ክርስቲያን

አቢሲኒያ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ባንኩ ነው። ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ግን በዚሁ ስም የምትጠራ፣ ከ200 ዓመት በላይ ያስቆጠረች ቤተ ክርስቲያን አለች፤ አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች። ዛሬ ስለሷና እዚያ ስላደገ አንድ ልጅ ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1808 ነው። በዚያን ጊዜ ጥቁር ሰው ከነጮች ጋር ሲያመልክ ደስ ባለው ቦታ አይቀመጥም፤ ለብቻው የተለየ ስፍራ ነበረው። ቤተ ክርስቲያኗ ስለ ራሷ የምትተርከው ታሪክ እንደሚለው፣ ጥቁር አሜሪካውያንና ከኢትዮጵያ የመጡ ነጋዴዎች ተለይተን አንቀመጥም ብለው ወጡ። ቶማስ ፖል የተባለ ጥቁር ሰባኪ ከቦስተን መጥቶ አገዛቸው፣ የራሳቸውን ጉባኤ አቋቋሙ፣ አቢሲኒያን ብለውም ጠሩት። ልብ በሉ፤ አድዋ ገና 88 ዓመት ይቀረዋል!

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1908፣ አዳም ክሌይተን ፓወል የሚባል ፓስተር ቤተ ክርስቲያኗን ሊመራ ተጠራ። በዚያው ዓመት ወንድ ልጅ ተወልዶለት በራሱ ስም ጠራው። ልጁ በኋላ ግለ ታሪኩ ላይ እንደጻፈው፣ የ10 ዓመት ልጅ ሳለ አያቱ ጀርባ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰውን የባርነት ምልክት በጣቱ ዳስሷል። 14 ዓመት ሲሆነው፣ በ1923፣ ቤተ ክርስቲያኗ ዛሬም ድረስ ያለችበትን የ138ኛው ጎዳና ሕንፃ አሠርታ ገባች።

ልጁ መልኩ በጣም ቀላ ያለ ነበር። ኮልጌት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መጀመሪያ ላይ ነጭ መስሎ ኖረ፣ ኋላ ታወቀበት። ቢፈልግ ሌላ ከተማ ሄዶ በዚያው ሊቀር ይችል ነበር። በ1930 ተመርቆ የተመለሰው ግን ወደ አባቱ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ነው። ሃርለም ሥራ አጥቷል፣ ተርቧል። ቤተ ክርስቲያኗ ምግብና ልብስ ስታድል ሥራውን የሚመራው ወጣቱ ፓወል ነበር። ሃርለም ሆስፒታል ጥቁር ሐኪሞችን ሲያባርር ሰልፍ መራ። 125ኛው ጎዳና ላይ ያሉ ሱቆች የጥቁርን ገንዘብ እየተቀበሉ ጥቁር አንቀጥርም ሲሉ፣ ሕዝቡ ከነሱ እንዳይገዛ ካስተባበሩት አንዱ ሆነ። በ1937 አባቱን ተካ። በ1941 የሃርለም ሕዝብ አውቶብስ አልሳፈርም ብሎ ሲያድም ከፊት ነበር፤ ኩባንያዎቹም ጥቁር ሾፌር ለመቅጠር ተስማሙ። ማርቲን ሉተር ኪንግ የመራው የሞንትጎመሪው የአውቶብስ አድማ የመጣው ከዚህ 14 ዓመት በኋላ ነው። ፓወል በ1945 የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ሆኖ ገባ።

ወደኛ ደግሞ እንምጣ። በ1935 ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ፣ የሃርለም ጥቁሮች ለኢትዮጵያ በሺዎች ሆነው ከተሰበሰቡባቸው ቦታዎች አንዷ ይህችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ዶክተር መላኩ በያን በ1937 ኢትዮጵያን ወርልድ ፌዴሬሽንን ኒውዮርክ ላይ ሲያቋቁሙ፣ መሬቱ ቀድሞ ታርሶ ነበር የጠበቃቸው።

እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል አይደል? እዚህ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍል ውስጥ ይህን ስናወራ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ በዚያን ጊዜ እኛ ሀገር ባርነት አልነበረም እንዴ?» አለኝ።

ነበረ። ያውም ብዙ ቆይቷል። ቤተ ክርስቲያኗ አዲሱ ሕንፃዋ በገባችበት በዚያው በ1923፣ ኢትዮጵያ ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። ባርነትን ጨርሶ የሚከለክለው አዋጅ የወጣው ግን በ1942 ነው። እንግዲህ የአያቱን ጠባሳ የዳሰሰው ልጅ በስማችን ሥር ሲያድግ፣ የስሙ ባለቤት አገር ውስጥ ሰው ይሸጥ ይለወጥ ነበር።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ፣ በቃ ሁሉም ተረት ነው ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ነገሩን ጨርሶ ባናነሳው ይመርጣል። እኔ ሁለቱም አይዋጡልኝም። ሃርለም ላይ የተሠራው ሥራ እውነት ነው፤ እዚህ የሰው ልጅ በገበያ መሸጡም እውነት ነው። እነሱ የራሱ ንጉሥ፣ የራሱ ቤተ ክርስቲያን ያለው ጥቁር ሕዝብ መኖሩን ሰምተው ቀና አሉ። ገና ያልሆንነውን ነው ያመኑልን። ስለዚህ ይህ ታሪክ ለኛ የኩራት ብቻ ሳይሆን የዕዳም ነው።

ግንኙነቱ አልተቋረጠም። በ1954 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያኗን ጎብኝተው ለፓወል የኢትዮጵያ መስቀል ሰጡት። እኛ ሚሌኒየም ባከበርንበት በ2007 ደግሞ ምዕመናኗ 200ኛ ዓመታቸውን ምክንያት አድርገው አገራችንን ሊያዩ መጡ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የኛ ስም ደግሞ ውቅያኖስ ተሻግሮ የሰው ልጅ ተለይቼ አልቀመጥም ሲል መጠለያ ሆኖ ውሏል። እንግዲህ በኢትዮጵያዊነቴ እኮራለሁ የምንል ሁሉ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ዛሬ እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ፣ በዘሩ ወይ በሥራው ተለይተህ ተቀመጥ የምንለው ሰው የለም ወይ? ካለ፣ ሃርለም ያመነችንን ያህል ገና አልሆንንም ማለት ነው።

መልካም ሰንበት።