ማደሪያና ኪራይ፦ የተማሪ መኖሪያ ወጪ ከቢቸናና ከሞጣ እስከ ዩኒቨርሲቲው

የተማሪን የመኖሪያ ወጪ በሚመለከት በዕቅድ አውጪዎች ፊት ዘወትር ሁለት ስሌቶች ይቀርባሉ። አንደኛው ትምህርት ቤቱ ወይም ኮሌጁ በግቢው ውስጥ ማደሪያ ሠርቶ፣ አልጋና ብርድ ልብስ አቅርቦ፣ ወጥ ቤት አቋቁሞ ተማሪውን ሲያኖር የሚወጣው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ተማሪው ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይቶ እንዲኖር ሲደረግ የሚወጣው ነው። የመጀመሪያው ስሌት ረጅም፣ ሁለተኛው አጭር ሆኖ ስለሚገኝ፣ የውጭው ኑሮ ርካሽ ነው የሚለው መደምደሚያ በቀላሉ ይደረስበታል። ይሁን እንጂ ሁለተኛው ስሌት ያጠረው ከፋዩ መዝገብ የማይዝ ሰው በመሆኑ ሊሆን ይችላል። የቢቸናና የሞጣ የትምህርት ታሪክ ይህን ጉዳይ ከሥሩ ለመመርመር ያመቻል።

በዚያ አገር ከቤተ ሰቡ ርቆ መማር በዘመናዊ ትምህርት ቤት የተጀመረ ነገር አይደለም። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያምና መርጡለ ማርያም ከሩቅ የሚመጣ ተማሪ ሲቀበሉ የኖሩ ደብሮች ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። የቆሎ ተማሪ ማደሪያ በደብሩ ዙሪያ ራሱ የሚቀልሳት ጎጆ ናት፤ ልብሱ ደበሎ፣ ምግቡ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጃፉ ለምኖ በአኩፋዳው የሚያጠራቅመው ቁራሽ ነው። ወላጅ ለዚህ ኑሮ ጥሬ ገንዘብ አያወጣም። ያም ሆኖ ትምህርቱ በነጻ ነበር ማለት አይቻልም፤ ወጪው በየመንደሩ ባለች በእያንዳንዷ ምጣድ ላይ ተከፋፍሎ ስለሚያድር ለማንም አይከብድም ነበር እንጂ። ተማሪው በበኩሉ ውሻ እየጠበቀውና ብርድ እየመታው ድርሻውን ይከፍላል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ይህ የወጪ አከፋፈል ፈረሰ። ለአስኳላ ተማሪ ቁራሽ መለመን ነውር ሆነ፤ ትምህርት ቤቱም በአውራጃው ከተማ ተቀመጠ። በ1940 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ተጥሎ ገበሬው ከሌላው ግብር ጋር ይከፍል ጀመር። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ ግብሩ ከገጠር ሲሰበሰብ ትምህርት ቤቱ በአብዛኛው የተሠራው በከተማ መሆኑ ነው። ከቢቸና ወይም ከሞጣ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ የሚኖር ገበሬ ልጁን ለማስተማር ከፈለገ፣ በግብሩ የከፈለውን በቤት ኪራይ ይደግመዋል። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር በመጣ ጊዜ ሞጣና ቢቸና ከዐመፁ ዋና ዋና ስፍራዎች መካከል እንደነበሩ ይታወቃል። የዐመፁ ምክንያት መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይነካ መሥጋትና የአስተዳደሩ በደል ነበር፤ የትምህርት ወጪ ነው ብሎ መጻፍ ታሪክን ማጣመም ይሆናል። ነገር ግን ጥሬ ገንዘብ ከእጁ ለማውጣት ምን ያህል የሚቸገር ገበሬ በየወሩ ኪራይ እንዲከፍል ይጠየቅ እንደነበረ ለመረዳት ያግዛል።

የኪራዩ ኑሮ አሠራር ለአገሩ መምህራን እንግዳ አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት የአንድ ቀበሌ ልጆች አንዲት ክፍል በጋራ ይከራያሉ። ስንቁ በአህያ ወይም በልጁ ጀርባ ከቤት ይመጣል፤ እንጀራው ሲያልቅ በሶና ድርቆሽ ይተካዋል። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ማለዳ ወደ ቤት፣ እሑድ ማታ ወደ ከተማ መመላለስ የሳምንቱ ሥርዓት ነው። ኪራይ፣ የኩራዝ ላምባ፣ የማገዶ እንጨትና የወፍጮ ዋጋ ሲደመሩ በገንዘብ የሚታየው ወጪ እምብዛም ላይመስል ይችላል። የማይታየው ግን ብዙ ነው። ከቤት የመጣው እህል ለገበያ ቢወጣ የሚያስገኘው ዋጋ አለ፤ እረኛ ወይም አራሽ ይሆን የነበረው ልጅ ጉልበት አለ፤ ስንቅ በማመላለስና በማብሰል የሚያልፈው የጥናት ሰዓትም አለ። ስለ ሴት ልጅ ሲታሰብ ሒሳቡ ሌላ መልክ ይይዛል። ወላጅ ልጁን የማያውቀው ሰው ግቢ ውስጥ ብቻዋን ማሳደር ስለሚፈራ፣ ዘመድ ካልተገኘ ወይ አያት አብራት ከተማ ትገባለች፣ ወይ ልጅቷ ትምህርቷን ታቋርጣለች። ማቋረጧ በማናቸውም የወጪ ሠንጠረዥ ላይ እንደ ቁጠባ ሆኖ ይታያል።

በአንጻሩ መንግሥት ማደሪያ የሠራላቸው ነበሩ። በኮተቤ የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ጄኔራል ዊንጌት፣ ኋላም በዩኒቨርሲቲው ሥር የነበረው ልዑል በዕደ ማርያም፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎችን በመንግሥት ወጪ እያሳደሩ አስተምረዋል። ከጎጃም ተመርጦ እዚያ የደረሰ ልጅ ኪራይና ማገዶ ከሐሳቡ ወጡለት። ያልተመረጠው ጓደኛው በዚያችው ክፍል ቀረ።

ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲከፈት ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ ማደሪያውም በነጻ ነበር። ኮሌጆቹ በ1954 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ከተጠቃለሉ በኋላ፣ በ1955 የትምህርት ዘመን ለአብዛኞቹ ተማሪዎች የማደሪያው አገልግሎት ቀርቶ በምትኩ የኪስ ገንዘብ ይሰጣቸው ጀመር። ውሳኔው የወጪን ጉዳይ ብቻ የተመለከተ አልነበረም። ከ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ወዲህ በአንድ ግቢ የሚያድርና በአንድ አዳራሽ የሚበላ ተማሪ ለመንግሥት የሥጋት ምንጭ ሆኖ ነበር፤ ተማሪዎቹን በከተማው ውስጥ መበተን እንደ መፍትሔ ታየ። ዓላማው እንዳልተሳካ ቀጥሎ የመጡት ዓመታት አሳይተዋል። ለእኛ ጥያቄ ግን የሚጠቅመው ሌላ ነው፤ ይኸውም አንድ ዐይነት ገንዘብ ለሁሉም እኩል ክብደት የለውም። አዲስ አበባ አጎት ወይም አክስት ላለው ተማሪ የኪስ ገንዘቡ ድጋፍ ነው። ከሞጣ ለመጣውና በከተማው አንድም ዘመድ ለሌለው ግን ኪራዩ፣ ምግቡ፣ መጽሐፉም ሆነ ጫማው ከዚያችው ገንዘብ ይወጣል። ዘመድ ጋ የተጠጋውም ቢሆን መብራቱ በቤቱ ሰው ፈቃድ የሚጠፋ እንግዳ ነው።

ማደሪያ የብድር ሒሳብ ሆኖ የተመዘገበው ዘግይቶ ነው። የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91/1995 ተማሪው የምግቡንና የማደሪያውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲሸፍን ደነገገ። በዚያ ደንብ መሠረት ክፍያው ከምረቃ በኋላ ከወር ገቢው ላይ ከ10 በመቶ በማያንስ መጠን ተቀንሶ እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጊዜ የሚጠናቀቅ ነበር። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል በጀመረ ጊዜ የተመሠረተው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነበር። ደንቡ በራሱ ሚዛናዊ ነው፤ የተጠቀመ ይክፈል ማለቱ አያስወቅሰውም። ሆኖም ብድሩ የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲ በር ነው። የ20 ዓመቱ ወጣት ማደሪያውን በዱቤ አግኝቶ ከደመወዙ ሲከፍል፣ በቢቸና የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የ15 ዓመት ልጅ ኪራዩን በጥሬ ገንዘብ አስቀድሞ ይከፍላል። ይህን መክፈል ያልቻለው ከተበዳሪዎቹ መዝገብ ላይ ስሙ አይገኝም።

ስለዚህ ማደሪያንና ኪራይን ማነጻጸር የሚሻ አጥኚ በመጀመሪያ የማንን ወጪ እንደሚቈጥር መለየት አለበት። የመንግሥትን ብቻ ከቈጠረ የውጭው ኑሮ ምንጊዜም ርካሽ ይሆናል። የቤተ ሰቡን እህል፣ ጉልበትና ጊዜ ከጨመረ ግን ልዩነቱ ይጠባል፤ አንዳንዴም ይገለበጣል። የወቅቱንም ነገር መመልከት ያስፈልጋል። አንድ ወጥ ቤት ለብዙ ተማሪ ጤፍና ሽንብራ በጥር፣ አዝመራ በተሰበሰበና ዋጋ በረከሰ ጊዜ ገዝቶ ማከማቸት ይችላል። ተከራዩ ተማሪ ግን ከአባቱ ጎተራ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው፤ ጎተራው የሚጎድለውና የገበያው እህል የሚወደደው ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ የዓመቱ ፈተና በሚደርስበት ወር ነው።