ስድስት ቀዳዳ ያለው ድንጋይ

እንግሊዝ አገር፣ ደርቢሻየር ውስጥ ኢም የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አለች። ከእሷ ወደ ጎረቤቷ ስቶኒ ሚድልተን በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ስድስት ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ታገኛላችሁ። ታሪኩን ካልሰማችሁ ዝም ብላችሁ ነው የምታልፉት።

እ.ኤ.አ. በ1665 ለንደን በፕሌግ እያለቀች ሳለ፣ ከዚያ የመጣ ጨርቅ ኢም የልብስ ሰፊ ቤት ገባ። ጨርቁ በሽታ አስተላላፊ ቁንጫ ይዞ እንደመጣ ይተረካል። የልብስ ሰፊው ረዳት ጆርጅ ቪካርስ በሴፕቴምበር ሞተ፤ ጎረቤቶቹ ተከተሉት።

በጁን 1666 የመንደሯ ቄስ ዊሊያም ሞምፔሰን እና ከእሳቸው በፊት ከሹመት የተነሱት ቶማስ ስታንሊ (በአምልኮ ሥርዓት የማይስማሙ ሰዎች ናቸው!) ሕዝቡን አንድ ከባድ ነገር አሳመኑ፦ ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ። ጸሎቱ ኩክሌት ዴልፍ በሚባለው ሸለቆ፣ ሜዳ ላይ ሆነ። ሬሳውንም እያንዳንዱ ቤተሰብ ራሱ ይቅበር ተባለ።

ምግቡስ ከየት ይምጣ? ድንጋዩ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። የጎረቤት መንደር ሰዎች ምግቡን ወሰኑ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ፤ የኢም ሰዎች ደግሞ ሳንቲሙን አቼቶ በተሞሉት ቀዳዳዎች ውስጥ ይተዋሉ። ያኔ ባክቴሪያ የሚባል ነገር የሚያውቅ አልነበረም፤ የፕሌጉ ባክቴሪያ ራሱ የተገኘው በ1894 ነው። በሽታውን የሚያመጣው የተበላሸ አየር ነው ይሉ ነበር። አቼቶው ያጸዳል ብለው አመኑ። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ዋናውን ሥራ የሠራው አቼቶው ሳይሆን ርቀቱ ነው፦ ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት አለመገናኘታቸው።

ከመንደሯ ወጣ ብሎ ደግሞ ራይሊ አለ። ኤልዛቤት ሃንኮክ በኦገስት 1666፣ በስምንት ቀን ውስጥ፣ ባሏንና ስድስት ልጆቿን በገዛ እጇ እዚያ ቀበረች።

በ14 ወራት ውስጥ 260 ገደማ ሰው አለቀ። በ2016 የወጣ ጥናት የመንደሯን የሟቾች መዝገብ በስታቲስቲክስ ሲመረምር፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የተያዙት ከሰው ወደ ሰው እንደሆነ ገመተ። እንግዲህ አስቡት፦ መዘጋቱ ጎረቤቶቹን ጠበቀ፤ ውስጥ ያሉትን ግን ከታመሙት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አስቀረ።

ቄስ ሞምፔሰን መንደሯ ከመዘጋቷ በፊት ልጆቻቸውን አሽሽተው ነበር። ባለቤታቸው ካትሪን ግን አብራቸው ቀረች። በኦገስት ሞተች፤ መቃብሯ ዛሬም ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ይታያል።