የልጆች መጻሕፍት ወደ በይነ መረብ የመጡበት መንገድ

የልጆችን መጻሕፍት በኮምፒውተር በነጻ የማስነበብ ታሪክ ሥዕል ከሌለው ጽሑፍ ይጀምራል። ማይክል ሃርት በ1971 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጀመረው የጉተንበርግ ፕሮጀክት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የባለቤትነት መብታቸው ያበቃ ድርሰቶችን እየተየበ ያድል ነበር። በመካከላቸው የልጆች መጻሕፍትም ነበሩ፤ የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች ግን ፊደል ብቻ ይዘው ሥዕሉን ይጥሉ ነበር። ገና ፊደል ለሚቆጥር ልጅ ደግሞ የታሪኩን ግማሽ የሚነግረው ሥዕሉ ነው።

ይህን ጉድለት የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ድረ ገጾችንና መጻሕፍትን በዲጂታል መልክ ከሚያከማቸው ከኢንተርኔት አርካይቭ ጋር ሆነው ሊሞሉ ተነሡ። በኖቬምበር 2002 የከፈቱት ዓለም አቀፍ የልጆች ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ገጾቹን ከነሥዕላቸው በስካነር እያነሳ ያስገባ ነበር። በንድፉ ሥራ ልጆች ራሳቸው ከዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ከአሊሰን ድሩዊን ቡድን ጋር አብረው ተቀመጡ። ልጅ መጽሐፍ ሲፈልግ የደራሲውን ስም አይጠራም፤ «ያንን ቀዩን» ይላል። ስለዚህ በሽፋን ቀለም፣ በመጽሐፉ ርዝመትና በገጸ ባሕርያቱ ዓይነት መፈለጊያ ተሠራለት። ልጁን እንደ ትንሽ አዋቂ ሳይሆን እንደ ልጅ የቆጠረ ካታሎግ በመሆኑ ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ሁሉ ይበልጥ ሊታወስ የሚገባው ይህ ነው። ችግሩ ከፈቃዱ ላይ ነበር። አሳታሚዎች በአብዛኛው የፈቀዱት ገጹ በስክሪን እንዲታይ እንጂ ማንም ተነሥቶ ወደ ራሱ ቋንቋ እንዲመልሰው አልነበረም።

አማርኛ በዚያ ዘመን ከፈቃድ በፊት የሚፈታ ሌላ ችግር ነበረበት። የግዕዝ ፊደል የሚጽፉት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በየራሳቸው ቁጥር ያስቀምጡት ስለነበር በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈ ተረት በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይታይ ነበር። ጽሑፉን እንደ ፎቶግራፍ መለጠፍ ማምለጫ ሆነ፤ በፎቶግራፍ ውስጥ ግን ቃል መፈለግም ሆነ ማረም አይቻልም። በ1999 የወጣው ዓለም አቀፉ የፊደላት ቁጥር መለኪያ ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ቋሚ ቁጥር ሰጠው። እስከ ተራው ተጠቃሚ ለመድረስ ዓመታት ወሰደ፤ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ለሕዝብ የተሸጠው በ2007 ነው።

ተረቱን የመሰብሰቡ ሥራ ግን ማሽኑን አልጠበቀም። በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ ያስተማረችው ብሪታኒያዊት ደራሲ ኤልዛቤት ሌርድ በ1990ዎቹ መጨረሻ በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ ክልል ከክልል እየዞረች ከተራኪዎች አፍ ተረት አሰባሰበች። ስብስቡ መጀመሪያ መጽሐፍ ሆነ፣ በኋላም ማንም በነጻ ሊያነበው በሚችልበት ድረ ገጽ ላይ ወጣ። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በበኩላቸው የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ በባለ ቀለም ሥዕል አሳተሙ። በእርሳቸው ጥረትም በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ በአዋሳ ደግሞ አህያ የሚስበው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። በጋሪ መጽሐፍ ማዞሩ ራሱ እጥረቱ ምን ያህል እንደነበረ ይናገራል።

መደርደሪያውን በእውነት ያሰፋው ግን ከማሽኑም ከፊደሉም ይልቅ ሕግ ነበር። የሜሪላንዱ ቤተ መጻሕፍት በተከፈተ በወሩ፣ በዲሴምበር 2002፣ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የመጀመሪያ ፈቃዶቹን አወጣ። ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ደራሲው መብቱን እንደያዘ፣ ስሙ እስከተጠቀሰ ድረስ ሌላው ሥራውን እንዲያባዛና እንዲተረጉም አስቀድሞ ይፈቅዳል። በዚህ መሠረት የደቡብ አፍሪካው ሳይዴ ድርጅት በ2014 የአፍሪካ ስቶሪቡክን ድረ ገጽ ለሕዝብ ከፈተ። በሕንድ ፕራታም ቡክስ በ2015 ስቶሪዊቨርን ጀመረ፤ ታሪኮቹንም እንደ ንባባቸው ክብደት በአራት ደረጃ ከፈላቸው። በእነዚህ ቤቶች አንባቢው ተርጓሚ ሊሆን ይችላል። አንድ መምህር በሌላ አገር የተሣለውን ሥዕል ሳይነካ ከሥሩ አማርኛውን ጽፎ ያወጣል፣ ኢንተርኔት ለሌለበት ክፍልም አትሞ ይወስዳል። ሥዕል ማሣል ከልጆች መጽሐፍ ወጪ አንዱ ከባድ ክፍል በመሆኑ አንዱ ሥዕል ለብዙ ቋንቋ መዋሉ ትንሽ ገበያ ላላቸው ቋንቋዎች ትልቅ ነገር ነው። በኖርዌይ የልማት ትብብር ድርጅት የተደገፈው ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪም በዚሁ ዓይነት ፈቃድ ተገንብቶ በ2018 በአዲስ አበባ ሲመረቅ አማርኛን ይዞ ነበር።

እነዚህ ቤተ መጻሕፍት በአብዛኛው የሚያገለግሉት ንባብ የሚለማመደውን ትንሽ ልጅ ነው። አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመት የሞላው አንባቢ በአማርኛ የሚያገኘው ሀብት ከሌላ በር ገባ፤ ከሬዲዮ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለወጣት ተብሎ የተጻፈ ባይሆንም ቅጂው በዩቲዩብና በቴሌግራም እየተላለፈ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው የማያውቁ ወጣቶች ጆሮ ደርሷል። ይህ ስርጭት በነጻ ፈቃድ ከሚሠሩት የተረት ቤቶች የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ትረካዎችን የሚለጥፉ ብዙዎች የደራሲውንም ሆነ የተራኪውን ወራሾች ፈቃድ አይጠይቁም።